«ለጊዜው» ተብሎ የተዘጋው የምርመራ ክፍል ይከፈትልን

ይድረስ፦ በጎንደርና በአካባቢዋ የጤና ጣቢያዎችን ሥራ ለምትመሩና ለምትከታተሉ ኃላፊዎች በሙሉ

ጉዳዩ፦ የማህፀን በር ካንሰር ቅድመ ምርመራ መቋረጥ

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

ጤና ይስጥልኝ። በጤና ጣቢያ የምሠራ አዋላጅ ነርስ ነኝ። ይህን የምጽፈው በራሴና አብረውኝ በሚሠሩ ባልደረቦቼ ስም ነው። እስካሁን በቃልም በጽሑፍም በውስጥ መስመር ጠይቀናል። መልሱ «ኮሮና ይለፍ» ነበር። አንድ ጊዜ በስብሰባ ላይ ሳነሳው «ይሄ ከአጀንዳ ውጭ ነው» ተብዬ ቁጭ አልኩ። ስለዚህ በአደባባይ ልጽፍ ወሰንኩ። የጤና ጣቢያውን ስም አልጠራም። ሰው ለማሳጣት አልተነሳሁም፤ እኔም ራሴ ከጥፋቱ ድርሻ አለኝ፤ ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ።

የምርመራ ክፍላችን ከእናቶችና ሕፃናት ክፍል አለፍ ብላ ያለች ጠባብ ክፍል ናት። አንድ የመመርመሪያ አልጋ፣ አንድ የቆመ መብራት፣ አንድ መጋረጃ፣ አንድ የጋዝ ሲሊንደር። በሯ ላይ በፕላስተር የለጠፍኩት ወረቀት እስከ ዛሬ አለ። የጻፍኩት በመጋቢት 2012 ነው። መጀመሪያ «የማህፀን በር ካንሰር ምርመራ አይሰጥም» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ሰው እንዳይደነግጥ ብዬ «ለጊዜው» የምትል ቃል በሌላ እስክሪብቶ ከላይ ጨመርኩባት። ፀሐይ ያችን ቃል አደብዝዞ አጥፍቷታል። የቀረው ጥቁሩ ጽሑፍ ነው።

መጋቢት 4 ቀን 2012 በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መገኘቱ በተነገረ በቀናት ውስጥ፣ ለሚያስላቸው ሰዎች መለያ ክፍል እንድናዘጋጅ ታዘዝን። ትርፍ ክፍል አልነበረንም። የእኛዋ ተመረጠች። ያኔ አልተቃወምንም። ጓንት ተቆጥሮ የሚሰጠን ጊዜ ነበር። አንድ ማስክ ሦስት ቀን ያደረግን አለን። ደግሞም እውነቱን ለመናገር፣ የማህፀን በር ካንሰር የሳምንታት ጉዳይ አይደለም። ኤችፒቪ የሚባለው ቫይረስ ከገባ ጀምሮ ካንሰር እስኪሆን ድረስ፣ የሰውነት መከላከያዋ ደህና በሆነ ሴት ላይ ብዙውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ዓመት ይወስዳል። ሦስት ወር ቢዘገይ ብዙ አይጎዳም ብለን ነው የተስማማነው። ለሦስት ወር።

አሁን ግንቦት 2013 ነው። አሥራ አራት ወር ሆነ።

ይባስ የሚያሳዝነው ክፍሏ ለኮሮና ያገለገለችው አራት ወር እንኳ አለመሆኑ ነው። በክረምቱ ግቢው ውስጥ ድንኳን ተተከለና የሚያስላቸው ሰዎች ወደዚያ ሄዱ። ክፍሏን የመለሰልን ግን የለም። ዕቃ ገባባት። ባለፈው ሳምንት የድሮ መዝገቤን ፍለጋ ቁልፍ ለምኜ ገባሁ። አልጋው ላይ የሳኒታይዘር ካርቶን እስከ ጣሪያው ድረስ ተከምሯል። ነካ ሳደርጋቸው ግማሾቹ ባዶ ናቸው። የእግር ማሳረፊያው ላይ የአንድ ሰው ጃኬት ተሰቅሏል። የአቼቶው ጠርሙስ መደርደሪያው ላይ አለ፤ ክዳኑ በደንብ ሳይዘጋ ቀርቶ ተኖ አልቋል፤ ሽታው ብቻ ቀርቷል። መዝገቡን ከ«እጅዎን ይታጠቡ» ፖስተሮች ሥር አገኘሁት። የመጨረሻው መስመር መጋቢት 9 ቀን 2012 ይላል። ዕድሜ 34፣ ውጤት ነጌቲቭ። ከዚያ በታች ባዶ ነው።

ይህን ደብዳቤ ከእናንተ ሌላ የሚያነብ ሰው ስለሚኖር ምርመራው ምን እንደሆነ በአጭሩ ልናገር። ሰላጣ ላይ የምናፈሰው አቼቶ የአሴቲክ አሲድ ውህድ ነው። ከሦስት እስከ አምስት በመቶ የሆነውን በጥጥ ነክረን የማህፀን በር ላይ እንቀባለን። አንድ ደቂቃ እንጠብቃለን። ጤነኛው ቦታ ሮዝ እንደሆነ ይቆያል፤ መለወጥ የጀመረው ቦታ ነጭ ይሆናል። በቃ። ላቦራቶሪ የለው፣ ራጅ የለው። ነጩ ትንሽ ከሆነ ያኑ ዕለት በክራዮ (በጋዝ በሚያቀዘቅዝ መሣሪያ) እናቀዘቅዘዋለን፦ ሦስት ደቂቃ ማቀዝቀዝ፣ አምስት ደቂቃ መተው፣ እንደገና ሦስት ደቂቃ። ሴትዮዋ በእግሯ ወደ ቤቷ ትሄዳለች። ምርመራው በዋናነት ከ30 እስከ 49 ዓመት ላሉ ሴቶች ነው። በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ በብዛት የሚታየው ካንሰር ይሄ ሲሆን፣ እንዲህ በአቼቶ ሊቀደም የሚችል ሌላ ካንሰር እኔ አላውቅም።

ወደ ቅሬታዬ ልግባ።

በመጀመሪያ፣ ነጭ አይተንባቸው ሕክምና ሳናደርግላቸው በር የዘጋንባቸው ሴቶች አሉ። በመዝገቤ ዘጠኝ ናቸው። አንዷን ልንገራችሁ። ቅዳሜ ገበያ ቃሪያና ሽንኩርት የምትሸጥ የ38 ዓመት ሴት ናት። በየካቲት 2012 ስናያት ነጩ ትንሽ ነበር፤ በዚያው ቀን የሚያልቅ። ጋዙ አልቆ ነበር። (ጋዙ እኮ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ ቢራና ለስላሳ ውስጥ የሚገባው። ዳሽን ቢራ በሚጠመቅበት ከተማ ጋዝ አጥተን ሴት ስንመልስ እኔና ባልደረባዬ ከማዘናችን ብዛት እንስቅ ነበር።) ለመጋቢት 15 ቀጠርናት። በቀጠሮዋ መጣች፤ ክፍሏ የሳል ክፍል ሆናለች። በሚያዝያ መጣች፤ ወረቀቱን አነበቡላት። በሰኔ መጣች። ከዚያ ቀረች።

በዚህ ዓመት ጥር ላይ ሽንኩርት ልገዛ ሄጄ አገኘኋት። ለምን እንደቀረች ጠየቅኳት። «ሲስተር፣ እኔማ ሦስቴ መጥቼ ተዘግቷል ሲሉኝ፣ የከፋ ነገር ቢሆንማ ኖሮ ይፈልጉኝ ነበር ብዬ ተውኩት» አለችኝ። እውነቷን ነው። ኮሮና የያዘው ሰው ጎረቤት ድረስ ተፈልጎ ይገኝ የለም እንዴ? ስልክ ተደውሎ፣ ቤት ተንኳኩቶ፣ አብሮት ቡና የጠጣው ሁሉ ተመዝግቦ። እሷን የፈለጋት የለም። በምሳ ሰዓት የቤተሰብ ምጣኔ ክፍልን ለምኜ አየኋት። ነጩ ሰፍቷል፤ በክራዮ የሚታከም አልሆነም። ሪፈር ጻፍኩላት። ከቀሩት ስምንት ውስጥ በስልክ ያገኘሁት ሦስቱን ነው።

ሁለተኛውን ስጽፍ ያሳፍረኛል። በሐምሌ 2012 አንዲት እናት ከቆላ ድባ መጡ። ያኔ ሚኒባስ በግማሽ ሰው እንዲጭን ታዞ ታሪፉ እጥፍ ሆኖ ነበር። እሳቸው እጥፉን ከፍለው ጤና ጣቢያችን በር ላይ ደረሱ። ማስክ አላደረጉም ተብለው ጥበቃው መለሳቸው። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጠምጥመው ቢመጡም «ማስክ እንጂ ነጠላ አይሆንም» ተባሉ። ማስክ ገዝተው ተመለሱ። እኔ ዘንድ ሲደርሱ ስምንት ሰዓት አልፏል። ዕድሜያቸው ከሃምሳ አልፏል፤ የወር አበባ ካቆሙ ቆይተዋል። «ልጄ፣ ፈሳሽ አስቸግሮኛል፤ አልፎ አልፎም ደም አያለሁ» አሉኝ። እኔ ከጠረጴዛው ማዶ ነኝ። በመካከላችን ሁለት ሜትር። ወንበሩ ላይ እንኳ ቀረብ እንዲሉ አልፈቀድኩም። ሜትሮኒዳዞልና ዶክሲሳይክሊን የሚባሉ የኢንፌክሽን መድኃኒቶች ጽፌ ሸኘኋቸው። ደም የሚለውን ቃል ሰምቼ፣ በዚያ ዕድሜ ደም ምን ማለት እንደሆነ እያወቅኩ፣ አላየኋቸውም። የምመረምርበት አልጋ የለኝም ብዬ ራሴን አጽናናሁ። አልጋ እኮ የማዋለጃ ክፍሉ ውስጥ ነበር።

በመስከረም ተመልሰው መጡ። ቀሚሳቸው ሰፍቷቸዋል። ሽታው ከእሳቸው ቀድሞ ገባ። በዚህ ጊዜ ማዋለጃ ክፍል ወስጄ ስፔኩለም (የማህፀን በር ማያ መሣሪያ) አስገባሁ። ያየሁት ነገር አቼቶ የሚያስፈልገው አልነበረም።

ይህን የምነግራችሁ ንስሐ ለመግባት ብቻ አይደለም። በዚያ ወቅት ፈሳሽ አለኝ ያለች ሴት ሁሉ ከርቀት መድኃኒት ታዞላት ትሄድ ነበር። የአሠራር መመሪያ ሲመጣልን ስለ እጅ መታጠብ፣ ስለ ርቀት፣ ስለ ሙቀት መለኪያ ነው። «ደም ያለባትን ሴት ግን ዛሬውኑ እዩ» የሚል አንድ መስመር አልነበረውም። አንድ መስመር ቢኖር ኖሮ እኔም ባላመካኘሁ።

ሦስተኛው ጉዳይ ጮኾ የማይሰማ ነው፤ እኔ ግን ከሁሉም በላይ እሱ ያሳስበኛል። ከኤች አይ ቪ ጋር የሚኖሩ ሴቶች በማህፀን በር ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ከሌሎች ስድስት እጥፍ ነው። በእነሱ ላይ ያ የ15 እና የ20 ዓመት ጉዞ ወደ 5 እና 10 ዓመት ሊያጥር ይችላል። ስለዚህ አሥራ አራት ወር ለእነሱ አጭር አይደለም። ከኮሮና በፊት የምናገኛቸው መድኃኒት ሊወስዱ ሲመጡ ነበር። የኤአርቲ (የኤች አይ ቪ መድኃኒት) ክፍሏ ነርስ እጃቸውን ይዛ ወደ እኛ ታመጣቸዋለች። ኮሮና ሲመጣ ቶሎ ቶሎ እንዳይመላለሱ የሦስትና የስድስት ወር መድኃኒት ባንዴ ይሰጣቸው ጀመር። በጣም ጥሩ ውሳኔ ነው፤ እኔም ብሆን እሱን እወስን ነበር። ግን ከመድኃኒቱ ጋር ተያይዞ የነበረው ምርመራ የት እንደሚሄድ የጠየቀ ሰው የለም። በስድስት ወር አንዴ የምትመጣ ሴት በመጣችበት ቀን ክፍሉ ዝግ ከሆነ ዓመቱ አለቀ።

እነዚህን ሴቶች «ሆስፒታል ሂዱ» ብንላቸው «ኮሮና ያለው እዚያ አይደል?» ይሉናል። ሴት ምንም ሳያማት ምርመራ ልታደርግ ሆስፒታል አትሄድም። ልጇን ልታስከትብ በመጣችበት ሰፈሯ ያለ ጤና ጣቢያ ላይ ነው «ነይ እስኪ፣ አሥር ደቂቃ ነው» የምትባለው። የመጀመሪያ ደረጃ ሕክምና ማለት ይሄ ነው። ይህንን ለጎንደር ሰው ማስረዳት ደግሞ የሚያሳፍር ነው። በ1947 የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ጤና መኮንኑን፣ የማኅበረሰብ ነርሷን፣ ሳኒታሪያኑን አሠልጥኖ በየአገሩ ጤና ጣቢያ እንዲያቋቁሙ የላከው ከዚህ ከተማ ነው።

ስለ ሪፖርት አንድ ነገር ልበል። ሰው የማያውቀው፣ እናንተ ግን የምታውቁት ነገር ስለሆነ። በየወሩ በምንልከው ቅጽ ላይ «ለማህፀን በር ካንሰር የተመረመሩ ሴቶች» የሚል ረድፍ አለ። ከሚያዝያ 2012 ጀምሮ ዜሮ እንልካለን። አሥራ ሦስት ዜሮ። የኮሮና ሪፖርት በአንድ ሰዓት ሲዘገይ ስልክ ይደወልልናል፤ ለምን እንደዘገየ በጽሑፍ አስረዱ ተብለንም እናውቃለን። ስለ አሥራ ሦስቱ ዜሮ አንድም ሰው ደውሎ «ምነው?» አላለንም። አንድ ወር፣ ይታይ እንደሆነ ብዬ፣ ረድፉን ባዶ ትቼ ላክሁት። ያን ጊዜ ተደወለ። «ባዶ አይተውም፤ ዜሮ ሙሉበት» ተባልኩ።

ባለሙያውም ተበትኗል። ለዚህ ምርመራ የሠለጠንነው ሁለት ነበርን። ባልደረባዬ በግንቦት 2012 ለይቶ ማቆያ ተመደበች። ማቆያው ሥራውን ከቀነሰ በኋላ ወደ ሌላ ክፍል ሄደች እንጂ አልተመለሰችም። እኔ ለስድስት ወር ስልክ ላይ ተቀምጬ ንክኪ ያላቸውን ሰዎች ስቆጥር ከረምኩ። አልቆጨኝም፤ ያስፈልግ ነበር። ግን ነጭ ያየንባቸውን ዘጠኝ ሴቶች ለመፈለግ ያንኑ ስልክ ግማሽ ቀን ስጠይቅ «ለኮሮና ብቻ ነው» ተባልኩ።

ወረርሽኙ አላለቀም፤ አውቃለሁ። ከሁለት ወር በፊት የነበረው መጋቢት ምን ያህል ሰው እንዳስጨነቀን እናንተም ታውቃላችሁ። ክትባቱም መጋቢት 4 ቀን፣ ልክ በዓመቱ፣ ገና ጀመረ። ነገር ግን ትምህርት ቤት ተከፍቷል። ሚኒባሱ እንደ ድሮው ጠቅጥቆ ይጭናል። ለጥር 11 በፋሲል ጥምቀተ ባሕር ዙሪያ ትከሻ ለትከሻ ገጥመን ታቦት አጅበናል፤ እኔም ነበርኩ። ምርጫም እየመጣ ነው፤ ሰልፉን እያየን ነው። ይህ ሁሉ ሲፈቀድ፣ መስኮት ባላት ክፍል ውስጥ ማስክ ያደረጉ ሁለት ሴቶች ለአሥር ደቂቃ መገናኘታቸው ለኮሮና ያሰጋል ብሎ የሚሞግተኝ ካለ ልስማው።

የ14 ዓመት ልጃገረዶች የኤችፒቪ ክትባት በ2011 ሲጀመር በትምህርት ቤት በኩል ነበር፤ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ያመለጡትን ማን እንደሚቆጥራቸው አላየሁም። እሱ የራሱ ደብዳቤ ይፈልጋል፤ እዚህ አላስገባውም።

ቁጥር ለምትፈልጉ ይህን ያህል ልበል። በ2007 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከ30 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች ውስጥ ተመርምረን እናውቃለን ያሉት ከመቶ ሦስት ያህሉ ነበሩ። የዓለም ጤና ድርጅት ባለፈው ኅዳር 8 ቀን ይፋ ባደረገው ስትራቴጂ እስከ እ.ኤ.አ. 2030 ከመቶ ሰባ ሴቶች እንዲመረመሩ ይላል። የራሳችን የአምስት ዓመት ብሔራዊ የካንሰር መከላከያ ዕቅድ ደግሞ ዘመኑ ያለቀው ኮሮና በገባበት በ2012 ነው። ከሦስት ወደ ሰባ የሚወስደውን መንገድ እኛ በዜሮ ጀምረነዋል። ዘግይታ ካንሰር ሆኖ የተገኘባት ሴት ጨረር ቢያስፈልጋት ጎንደር ላይ የለም፤ አዲስ አበባ ድረስ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ሽንኩርት ሸጣ የምታድር ሴት ያን መንገድ በምን ትሄደዋለች?

የምንጠይቃችሁ እንግዲህ ይህ ነው።

ክፍሏ እስከ ሰኔ መጨረሻ ትመለስልን። ሌላ ክፍል ካላችሁም እንቀበላለን፤ በር ያለውና መጋረጃ የሚሰቀልበት ይሁን እንጂ አንመርጥም። ባልደረባዬ ወደ ሥራዋ ትመለስ፤ ካልሆነም ሌላ ሰው ይሠልጥን፤ አንድ ሰው ብቻውን ሆኖ ወሊድ ሲመጣ ክፍሉን ዘግቶ ይሮጣል።

መዝገብ ላይ ያሉት ሴቶች ይፈለጉ። በየጤና ጣቢያው በ2012 ነጭ ታይቶባቸው ያልታከሙት በስም ይውጡና የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ቤታቸው ድረስ ይሂዱ። ለኮሮና የተደረገው ፍለጋ እንደሚቻል አሳይቶናል። ይህ ከሁሉም ይቀድማል፤ ክፍሏ ሳትከፈትም ነገ ሊጀመር ይችላል።

ስለ ጋዙ፦ በባትሪ የሚሠራ፣ የማህፀን በሩን በሙቀት የሚያክም መሣሪያ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 መመሪያ አውጥቶለታል። ሲሊንደር አይፈልግም፤ ቦታውን አንዴ ለማሞቅ ደቂቃ አይፈጅበትም። ሲገዛ ለጤና ጣቢያዎችም ይታሰብ።

ከኤች አይ ቪ ጋር ለሚኖሩ ሴቶች ደግሞ ናሙና በራሳቸው የሚወስዱበት ዘዴ ይሞከር። አንዲት ሴት መጋረጃ ጀርባ ገብታ ናሙናውን በጥጥ ራሷ ወስዳ ትሰጠናለች፤ እኛ መንካት አያስፈልገንም። ለኮሮና ጊዜ ከዚህ የተሻለ ምን ይገኛል? ለቲቢ የምንጠቀምበት ጂን ኤክስፐርት ማሽን የኤችፒቪ ካርትሬጅ (ናሙናው የሚገባበት መመርመሪያ) ይቀበላል። ካርትሬጁ ይምጣልን። የስድስት ወር መድኃኒቷን ልትወስድ የመጣችበት ቀን የናሙናዋም ቀን ይሁን።

በበር ላይ ለሚቆሙ ጥበቃዎች፣ ማስክ የሌለውን ሰው ከመመለስ ይልቅ የሚሰጡት ማስክ ይኑራቸው። ደም እያየሁ ነው ያለች ሴት ደግሞ ሳትታይ ከግቢ እንዳትወጣ በጽሑፍ ይታዘዝ። እኛም የምንጠየቅበት ይሁን።

በመጨረሻም፣ ዜሮ ስንልክ ደውሉልን።

መልሳችሁን በሥራ ቦታችን እንጠብቃለን። ክፍሏን ለመክፈት በጀት ያስፈልጋል እንዳትሉን። ቁልፉ ንብረት ክፍል ነው፤ ካርቶኖቹን እኛው ተሸክመን እናወጣለን። አቼቶውን ከሱቅ እኔ እገዛለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣

አንዲት የጤና ጣቢያ አዋላጅ ነርስ፣ ስለ ባልደረቦቿም ጭምር
ጎንደር፣ ግንቦት 2013 ዓ.ም.